ተራራ ሸንሽኖ የእግር መንገድ ማትረፍ

መሬት መሸንሸን አብዛኛውን ጊዜ የእግር መንገድ ጠላት ነው። የአንድ ሰው የነበረ ተራራ ለአምስት ሲከፈል አንድ ባለቤት አስፈቅዶ ያልፍ የነበረ እግረኛ አምስት ሰው ማስፈቀድ ግድ ይለዋል። ከአምስቱ አንዱ ሰንሰለት ከዘረጋ መንገዱ አለቀለት። እኔና ታላቅ እህቴ ግን አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በጋራ የገዛነውን የተራራ መሬት የሸነሸንነው መንገዱን ለማዳን ብለን ነው። እንዴት እንዳደረግነው የምጽፈው እንደኛ መሬት ገዝተው በመሬታቸው ሰው ሲያልፍ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ለሚያስቡ ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱ ከሸናንዶ ሸለቆ በስተምዕራብ ያለ ወደ 110 ኤከር ሲሆን፣ በድሮው የአገራችን ልኬት ከአንድ ጋሻ ትንሽ ከፍ ይላል። ግርጌው ለቤት የሚሆን ለጥ ያለ ቦታ አለው፤ ላይኛው ክፍል ቋጥኝና የኦክ ደን ነው፤ በጀርባው ከጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ጋር ይዋሰናል። ከታችኛው መኪና መንገድ ተነስቶ መሬታችንን አቋርጦ ብሔራዊ ደኑ ውስጥ የሚገባ፣ ድሮ እንጨት ጫኞች የጠረጉት መንገድ አለ። የአካባቢው ሰው ሲወጣበትና ሲወርድበት ኖሯል። የቀድሞው ባለቤት ፈቅዶላቸው ነበር፤ በቃል ብቻ።

በቃል የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ከፈቃጁ ጋር ይቀበራል። በቨርጂንያ ሕግ አንድ ሰው በሌላው መሬት የማለፍ መብትን በልማድ የሚያገኘው ለ20 ዓመት ያለፈቃድ፣ በግልጽና ሳያቋርጥ ከተጠቀመበት ነው። ፈቃድ ካለ ግን መቶ ዓመት ቢመላለስም መብት አይሆንለትም። ደግ ባለቤት የነበረው መንገድ በሕግ ፊት ክፉ ባለቤት ከነበረው መንገድ የደከመ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ይህ የእኛ ዳገት ብቻ ችግር አይደለም። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በ1937 ከዳር እስከ ዳር ሲገናኝ ብዙው ክፍሉ የሚያልፈው በግል መሬት፣ በባለቤቶች በጎ ፈቃድ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤትና ሪዞርት እየተስፋፋ ሲመጣ ባለቤቶች ተቀያየሩ፤ መንገዱም በየቦታው ወደ መኪና አስፋልት ተገፋ። በሰሜን ቨርጂንያ ስጋቱ በርትቶ በ1960ዎቹ፣ ዛሬ ተስካሮራ የሚባለው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተለዋጭ መንገድ በምዕራብ በኩል ይዘረጋ ጀመር፤ ዋናው ቢዘጋ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። መንግሥት በ1968 የብሔራዊ የእግር መንገዶችን ሕግ አወጣ፤ በ1978 ሕጉን አጠናክሮ መሬት መግዣ ገንዘብ እስኪመድብ ድረስ ግን መንገዱ አላረፈም። ትናንሽ የመንደር መንገዶችን ማንም እንዲህ አይገዛላቸውም። ባለመሬቱ ራሱ ካልጻፈላቸው ይጠፋሉ።

እህቴ ሐሳቤን መጀመሪያ ስትሰማ፣ «አንተ ልጅ፣ ተበድረን የገዛነውን ዳገት ለመንገደኛ ልናድል ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ የባንክ ዕዳ ነበረብን። እኔም፣ «አናድልም እትዬ፣ መሬቱ የኛው ሆኖ ይቀራል፤ የምንሰጠው አንድ መብት ብቻ ነው» አልኳት። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙ አሜሪካውያን የቀረብን ይመስለኛል። በእኛ አቆጣጠር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የሚይዘው የመጠቀም መብት ነው። አፈሩ የአንዱ፣ መብቱ የሌላው ሊሆን እንደሚችል እያወቅን ነው ያደግነው። እዚህ ኢዝመንት የሚሉት ውልም ከዚህ አይርቅም፦ መሬቱ በእጃችሁ ይቀራል፤ ከመብቶቹ ጥቂቱ፣ ለምሳሌ ቤት የመሥራት ወይም ሰው የመከልከል መብት፣ ለሌላ ወገን ይተላለፋል። ሰነዱ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) ፍርድ ቤት መዝገብ ይገባል፤ መሬቱ ቢሸጥም ቢወረስም አብሮት ይሄዳል።

ታዲያ ለምን ሸነሸንነው? ዕዳው ስለነበረ ነው። ሙሉውን መሬት በኢዝመንት ብናስር የሚሸጥ ነገር አይኖረንም፤ ሳናስር ብንሸጥ መንገዱ አይኖርም። ስለዚህ ለሦስት ከፈልነው። ላይኛው 65 ኤከር ገደማ ቤት የማይሠራበት፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ይሁን አልን። ታችኞቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 22 ኤከር ገደማ ናቸው፤ አንዱ ለእህቴ፣ አንዱ ለሽያጭ።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱን አስተካከልን። የሽንሸና መስመር ቀድሞ ተሰምሮ መንገዱ በመስመሩ ውስጥ እንዲጠጋጋ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ከእኛ ብዙም የማይርቅ አንድ መሬት ላይ ወሰኑ በእግር መንገዱ መሀል ለመሀል ነው የሄደው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ መሬት ላይ ግን አንድ ዛፍ ወድቆ እግረኛው ሁለት ሜትር ወደ ግራ ሲዞር የሌላ ሰው ግቢ ገብቷል፤ አጥርም መጣ። እኛ ያገኘነው አሮጌ መንገድ ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ ስለነበር ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ፈፋነት እየተለወጠ ነበር። የመንገድ ሠራተኞች የሚከተሉት ቀላል ደንብ አለ፦ የመንገዱ አቀበትነት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከተራራው የጎን ተዳፋት እኩሌታም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ በመፍሰስ ፈንታ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። የአካባቢው የእግር ጉዞ ክለብ በጎ ፈቃደኞች ተዳፋት መለኪያ ይዘው መጡ፤ ከእነሱ ጋር በጎን እየተጠመዘዘ የሚወጣ አዲስ መስመር በሪባን ምልክት አደረግን። ቀያሹ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአንድ የመሬት ጥበቃ ድርጅት የሰጠነው ኢዝመንትም መንገዱን እንደ ቀጭን መስመር አልጻፈውም። 15 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ነው የሰጠነው፤ ጎርፍ ወይም ናዳ ካበላሸው በሁለቱ ወገን ስምምነት ሊዛወር እንደሚችል የሚል አንቀጽም አለው። የወሰኑ ችካሎች ከመተላለፊያው ራቅ ብለው ተተከሉ። መንገዱ ለሽያጭ ከተለየው ቁራጭ አንዱን ጥግ ስለሚነካ፣ ያንን ጥግ ቆርጠን ወደ ላይኛው መሬት ጨመርነው። ገዢው ከሳሎኑ ሆኖ እግረኛ የማያይ ከሆነ ከእግረኛ ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለውም፤ ይህች ጥግ ከጠበቃችን አንቀጾች ሁሉ የበለጠ ሰላም ያመጣች ይመስለኛል።

የመኪና ማቆሚያውም እንደዚሁ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ሰው የሚያቆምበት ካጣ ከጎረቤት በር ላይ ያቆማል። በቨርጂንያ ትናንሾቹን የገጠር መንገዶች ሳይቀር የሚያስተዳድረው በአብዛኛው የክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለሆነ የመግቢያው ፈቃድ የሚጠየቀው ከካውንቲው ሳይሆን ከዚያ ነው። ለጥቂት መኪና የሚበቃ ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ በላይኛው መሬት ስም፣ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በሚዘልቅ ጠባብ አንገት እንዲገባ አደረግን።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በራሳችሁ መሬት ላይ ለራሳችሁ ኢዝመንት ሊኖራችሁ አይችልም። ሦስቱም ቁራጮች በእናንተ ስም እያሉ በካርታው ላይ «የእግር መንገድ» ብላችሁ መጻፋችሁ ብቻውን የማንንም መብት አይፈጥርም። ወይ መብቱን ለሌላ ወገን አስቀድሞ መስጠት፣ ወይም አንዱን ቁራጭ ስትሸጡ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ማስቀረት ነው። ከሸጣችሁ በኋላ የሚጠየቅ ልመና ነው።

ቀጥሎ ባንኩ አለ። የባንኩ መያዣ ከኢዝመንቱ በፊት የተመዘገበ ከሆነ፣ ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ መሬቱ ለሐራጅ ቢቀርብ ኢዝመንቱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባንኩ መብቱን ከኢዝመንቱ በታች እንዲያደርግ መፈረም አለበት፤ ኢዝመንት በነፃ መስጠት እንደ ስጦታ ተቆጥሮ የግብር ቅናሽ ያስገኛል፤ ስጦታው በሚመዘገብበት ቀን ይህ ፊርማ ከሌለ ግን የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ቅናሹን ይከለክላል። አበዳሪያችን ጉዳዩን ከክፍል ወደ ክፍል ሲያንከባልል ከረመ። እስኪፈርም ምንም አላስመዘገብንም።

ከካውንቲው ጋርም ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ቦታ ሽንሸናውን ለማጽደቅ «ይህን ያህሉን ጠብቁት» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይመጣል። በምላሹ አንድ ነገር የተገኘበት ኢዝመንት ለግብር ስጦታ አይባልም። የእኛ ሽንሸና ያለ ቅድመ ሁኔታ ጸድቆ ከተመዘገበ በኋላ ነው ኢዝመንቱ ለብቻው የተሰጠው።

የ22 ኤከሩ ነገር ደግሞ ያለ ምክንያት አልመጣም። መሬቱ በደንነት ተመዝግቦ ዝቅ ያለ የንብረት ግብር ይከፈልበት ነበር፤ በቨርጂንያ ለዚህ ቢያንስ 20 ኤከር ደን ያስፈልጋል። ቁራጩ ከዚያ ካነሰ ካውንቲው ላለፉት አምስት ዓመታት የቀረበትን ግብር ከነወለዱ ይጠይቃል። ገዢው ለቤትና ለግቢ የሚወስደው ሲቀነስ ከ20 እንዳይወርድ ትንሽ ትርፍ ተውን። ውሃ ወደ አፈር የመስረጉን ምርመራም ከመሸጣችን በፊት አስደረግን፤ ሴፕቲክ (የቤት ፍሳሽ ማስረጊያ) የማይቀበል ቁራጭ ቤት አይሠራበትም፤ ዋጋም አያወጣም።

ስለ ግብር ቅናሹ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ላብራራ። ገማቹ መሬቱ ከኢዝመንቱ በፊት ምን ያወጣ እንደነበርና በኋላ ምን እንደሚያወጣ ያወዳድራል፤ ልዩነቱ ስጦታችሁ ነው። ነገር ግን አጠገቡ የቀራችሁ መሬት ጥብቅ ደን ስለተዋሰነ ዋጋው ከጨመረ ያ ጭማሪ ከስጦታው ይቀነሳል። የእህቴ ቁራጭ ከዚሁ ተቆጥሯል። ከ5,000 ዶላር በላይ ለሆነ ስጦታ ብቃት ያለው ገማች የግድ ነው፤ ግምቱም ከስጦታው ቀን 60 ቀን ቀድሞ የተሠራ መሆን አይችልም። የፌዴራሉ ቅናሽ በዓመት እስከ ገቢያችሁ 50 በመቶ ይደርሳል፤ የተረፈው ለ15 ዓመት ይሻገራል። ቨርጂንያ ደግሞ የስጦታውን 40 በመቶ የግብር ክሬዲት (ከሚከፈለው ግብር ራሱ ላይ የሚቀነስ ሂሳብ) ትሰጣለች፤ ለሌላ ሰው ሊሸጥም ይችላል። ይህን የሚሰማ ሰው ዓይኑ ይበራል፤ ይሁንና በ2019 በወጣው ደንብ መሠረት የክፍለ ግዛቱ ክሬዲት ከፌዴራሉ ቅናሽ ላይ ይቀነሳል። እኛ ያገኘነው የጠበቃውን፣ የቀያሹንና የገማቹን ወጪ ሸፍኖ ከዕዳው ጥቂቱን አቃለለ። ዕዳውን የዘጋው የቁራጩ ሽያጭ ነው።

«በኩባንያ ገንዘብ አዋጡ፣ ያዋጣችሁት እጥፍ ድርብ ሆኖ ከግብር ይቀነስላችኋል» የሚላችሁ ሰው ከመጣ ግን አትጠጉት። ይህ ለዓመታት የተበዘበዘ ቀዳዳ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ የወጣው ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ቅናሹ ሸሪኮቹ ካወጡት ገንዘብ ከሁለት ተኩል እጥፍ ከበለጠ ጭራሽ እንዲከለከል አድርጓል።

ሰው ተጎድቶ ቢከሰንስ? እህቴን ያስጨነቃት ይኸው ነበር። የቨርጂንያ ሕግ መሬቱን ለመዝናኛ በነፃ የከፈተ ባለቤት ከባድ ቸልተኝነት ወይም ክፋት ካልተገኘበት በቀር ተጠያቂ እንዳይሆን ይጠብቀዋል። ክፍያ ከጠየቃችሁ ግን ይህ ከለላ ይነሳል። ስለዚህ ለመኪና ማቆሚያው ሣጥን እናስቀምጥ የሚለውን ምክር አልተቀበልንም።

ኢዝመንቱን የተቀበለው የመሬት ጥበቃ ድርጅት በነፃ አልተቀበለም፤ በየዓመቱ እየመጣ ለሚያደርገው ክትትል የሚሆን ገንዘብ ጠየቀ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ገንዘብ ያልጠየቀ ድርጅት ቢሆን ኖሮ እፈራ እንደነበር ገባኝ። ለዘላለም የሚጠብቅ ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል። ከመመዝገቡ በፊት የመሬቱን ሁኔታ በፎቶና በካርታ የሚያሳይ ሰነድ ተዘጋጅቶ ሁላችንም ፈረምንበት፤ ነገ «ይህ ጎጆ ድሮም ነበረ» የሚል ክርክር ቢነሳ የሚታየው እሱ ነው። የመንገዱን ጥገና ክለቡ ወስዶታል።

አደንን በተመለከተ፣ የአጋዘን ወቅት ሲደርስ መንገዱ ክፍት ሆኖ አደኑ በላይኛው መሬት ላይ ይከለከል ወይስ ይፈቀድ በሚለው ላይ ከጎረቤቶች ጋር ብዙ ተወያየን። አባቶቻቸው እዚያ ያደኑ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ትናንት የመጣን። ለሕዝብ ክፍት አደረግን እያልን እነሱን ማስወጣት አልተዋጠልኝም። በጽሑፍ ፈቃድ ላላቸው፣ ከመንገዱ ርቀው እንዲያድኑ ተፈቀደ፤ መግቢያው ላይ በወቅቱ ብርቱካናማ ልብስ ልበሱ የሚል ሰሌዳ ቆሟል።

ያልተቋጨው የጠጠሩ ጉዳይ ነው። ከመኪናው መንገድ እስከ ማቆሚያው ያለውን መግቢያ ገዢው፣ እህቴና ክለቡ ይጋሩታል። በሽያጩ ጊዜ የጥገና ውል ተፈርሟል፤ ወጪው በሦስት እኩል ይከፈላል ይላል። ገዢው አሁን ቤቱን ሲሠራ የኮንክሪት መኪና እየመላለሰ ነው፤ መግቢያውን ያረሰው እሱ ስለሆነ የዘንድሮውን ጠጠር ብቻውን ይግዛ ትላለች እህቴ። ውሉ ስለ ግንባታ መኪና ምንም አይልም። ሁለተኛ ቁራጭ የምሸጥ ቢሆን የማስገባው አንቀጽ ይህ ነው።