ብቻዬን በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ

የሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጥቁር ውኃ ወንዝ የጨለለቃን ረግረግ ውኃ ይዞ ይገባበታል፤ በክረምት ደግሞ ከዙሪያው ኮረብታዎች ጎርፍ ይወርድበታል፤ ከዚያ ወዲያ በዓይን የሚታይ መፍሰሻ የለም። እንዲህ ዓይነት ሐይቆች ውኃቸው በትነት ብቻ ስለሚጎድል ከዘመን ወደ ዘመን ጨዋማ እየሆኑ ይሄዳሉ፤ ከሻሸመኔ በስተሰሜን ያሉት ሻላና አብያታ የሆኑትም ይህንኑ ነው። በሐዋሳ ግን ጨው አልበዛም፤ አጥኚዎችም ምክንያቱን ከመሬት በታች ሰርጎ በሚወጣ ውኃ ያስረዳሉ። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው፣ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙም የማያልፈው ይህ ሐይቅ ዓሣውን፣ ደንገሉን፣ ወፉንና ጉማሬውን ሊያኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ወደዚያ የሄድሁት እነዚህን ፍጥረታት በየቦታቸው፣ በራሳቸው ሰዓት፣ ሳልቸኩል ለማየት ነበር።

የምኖረው አዳማ ነው። ጉዞዬን ከጥምቀት በኋላ ያደረግሁት ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደግሞ በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲበረታ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚወርዱት ተጓዥ ወፎች በበጋው ወራት ገና ስላልተመለሱ። በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አልፌ፣ ላንጋኖን በግራ፣ አብያታና ሻላን በቀኝ ትቼ፣ ሻሸመኔ መኪና ቀይሬ ሐዋሳ ገባሁ። በየደረስሁበት የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ብቻዎን ነዎት?» ሴት ልጅ ለሥራ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ ብቻዋን አትጓዝም የሚለው ልማድ በእኛ ዘንድ ገና ጠንካራ ነው። እንስሳ ለማየት ግን ከብቸኝነት የተሻለ መንገድ አላውቅም። አብሮህ ያለ ሰው ሲርበው፣ ሲሰለቸው ወይም ፎቶግራፍ ሲያነሣ ወፉ ይነሣል፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን ጥቂት ቆይቶ ከዳርቻው ጉቶዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል።

መጀመሪያ የሄድሁት በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ነው። አስጋሪዎቹ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ንጋት ላይ ስለሚያነሡ፣ እዚያ መገኘት የሚገባው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። የእንጨት ጀልባዎቹ እየተከታተሉ ዳር ይደርሳሉ፤ የሚወርደው በአብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አልፎ አልፎ አምባዛ ይታያል። ዓሣ የሚያርዱት ወጣቶች ቅርፊቱን ገፍፈው፣ በሁለት የቢላዋ ምት ፊሌቶውን ከአጥንቱ ለይተው፣ የቀረውን ራስና አጽም ሳያዩ ወደ ኋላቸው ይወረውሩታል። ከኋላቸው የቆመው ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነው።

አባ ኮዳን ከሩቅ ያየ ሰው መልኩን ሊጠላው ይችላል፤ ከቅርብ ሆኖ ላየው ግን እያንዳንዱ ነገሩ ምክንያት አለው። ራሱና አንገቱ ላባ የለውም፤ ሬሳ ውስጥ ለሚገባ ምንቃር ላባ ያለው አንገት በደምና በስብ ይያዝ ነበር። እግሮቹ ነጭ የሚመስሉት በራሱ ኩስ ስለሚቀባቸው ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ደሙን ያቀዘቅዝለታል። ሲቆም ከደረቴ በላይ ይደርሳል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ስለሚሆን፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲነሡ የዓሣ ገበያተኛው ሁሉ ጎንበስ ይላል። ከእኔ በሦስት እርምጃ ርቀት የቆመው አንዱ፣ ራሱ ያልተቆረጠ የቆሮሶ አጽም በምንቃሩ ጫፍ ያዘ። ወዲያው አልዋጠውም። ወደ ላይ ጣል አድርጎ ቀለበው፣ አዞረው፣ እንደገና ጣል አድርጎ ቀለበው፤ የዓሣው ራስ ወደ ጉሮሮው ፊቱን ሲያዞር ብቻ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ለቀቀው። እብጠቱ በራቁት አንገቱ ቆዳ ሥር ቀስ እያለ ሲወርድ በዓይኔ ተከተልሁት።

ለምን እንደሚያዞረው የገባኝ አጠገቤ የሚያርደውን ወጣት እጅ ስመለከት ነው። ቆሮሶ በጀርባው ላይ ደንዳና እሾህ አለው፤ እሾሁ ወደ ጅራቱ ያዘነበለ ስለሆነ ከራሱ ወደ ኋላ የሄደ እጅ አይወጋም፣ ከጅራቱ ወደ ፊት የመጣ ግን ይቆስላል። ወጣቱም ዓሣውን ከባልዲው ሲያወጣ መዳፉን ከራሱ ጀምሮ ወደ ጅራቱ አዳልጦ እሾሁን እያስተኛ ነበር የሚይዘው። ወፉ በምንቃሩ የሚያደርገውን ሰውየው በመዳፉ ያደርጋል። ስጠይቀው «እህቴ፣ መጀመሪያ ሰሞን እጄ በሙሉ ቁስል ነበር» አለኝ።

አንድ ያዘነሁበት ነገር አለ። ልጆች ለጎብኚ ፎቶግራፍ ሲሉ የዓሣ አንጀት በፌስታል እያንጠለጠሉ ወፎቹን ይጠራሉ፤ ፌስታሉም ብዙ ጊዜ ከእጃቸው ይነጠቃል። አባ ኮዳ የአጥንትና የቆሻሻ ሆድ አለው እየተባለ ፌስታል አብሮ ሲውጥ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የሚያርዱት ወጣቶች ትርፉን በባዶ እጅ መወርወራቸው ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ጎብኚም እነሱ አጠገብ ቢቆም ሳይከፍል የበለጠ ያያል።

ከአሞራ ገደል ተነሥቼ ከተማውን ከሐይቁ ሙላት ለመከላከል የተሠራውን ግድብ ይዤ በእግሬ ሄድሁ። ግድቡ ላይ ሰው ሲበዛ ወፍ የሚጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚዘዋወረውን ሰው ስለለመዱት፣ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ከገጠሩ ይልቅ እዚህ ይቀርባሉ። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ዓሣ አዳኝ ወፍ ከውኃው በላይ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ በአንድ ቦታ ላይ ቆመ። ክንፉ ያለ ዕረፍት ይመታል፣ ገላው ወደታች ተንጠልጥሏል፣ ራሱ ግን አይነቃነቅም። ያለ ነፋስ እርዳታ እንዲህ አየር ላይ መቆም ከሚችሉት ወፎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ድንገት ክንፉን አጥፎ ወረደ፤ ትንሽ ዓሣ ይዞ ወጥቶ የታሰረች ጀልባ አፍንጫ ላይ አረፈና ዓሣውን በግራና በቀኝ እንጨቱ ላይ እያላጋ አደነዘዘው። ከዚያም እሱም አዞረው፤ ራሱን አስቀድሞ ዋጠው። ከአንድ ጠዋት በፊት የማላውቀውን ነገር በሁለተኛው ወፍ ላይ ራሴ አስቀድሜ መጠበቄ ደስ አሰኘኝ።

ከሰው መተላለፊያ ራቅ ሲባል ዳርቻው በደንገል፣ በፊላና በውኃ ላይ በሚንሳፈፉ ሰፋፊ ቅጠሎች ይሸፈናል። በቅጠሎቹ ላይ የምትራመደው ቡናማ ወፍ፣ ግንባሯ ሰማያዊ፣ የእግሯ ጣቶች ከገላዋ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅሞች ናቸው፤ ክብደቷ በጣቶቿ ስለሚከፋፈል ቅጠሉ ሲያጎነብስ እንኳ አይሰምጥም። በእነዚህ ወፎች ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ከቅጠሎቹ በስተጀርባ፣ ጭቃው ላይ፣ ቀጫጭን እግር ያላቸው ግራጫ ተጓዥ ወፎች እየሮጡ ምንቃራቸውን ይወጉ ነበር። ዓሣ በል ንስር ደግሞ ደረቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮኽ ድምፁ ከወዲያኛው ዳር ይመለሳል።

ስለ ደንገሉና ስለ ፊላው ትንሽ ማለት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከጉማሬው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ራሳቸውን ሲችሉ ግን መሸሸጊያቸው በዳርቻው ላይ ያለው ጥልቀት የሌለው፣ ቄጠማ የበዛበት ውኃ ነው። ሣሩ ተነቅሎ ዳርቻው በድንጋይና በሲሚንቶ በታሰረበት ቦታ ሁሉ ትንሿ ዓሣ መሸሸጊያ የላትም፤ ወፏም ጎጆ የላትም። ሐይቁን ለማየት ተብሎ ሣሩን ማንሣት የሚታየውን ነገር ራሱን መቀነስ መሆኑን የመዝናኛ ባለቤቶች ቢያስቡበት መልካም ነው። ቀዳዳው በጠበበ መረብ ያልደረሰ ዓሣ የሚያወጡ ሰዎችን ብዙ ሰው ይወቅሳል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው፤ የዳርቻው ሣር ጉዳይ ግን ተረስቷል።

ጉሬዛዎችን ለማየት ብዙ መድከም አላስፈለገኝም፤ በሐይቁ ዳር ባሉ የሆቴል ግቢዎች ትልልቅ ዛፎች ላይ ይውላሉ። አውራ ጣት የሌለው እጃቸው እንደ መንጠቆ ቅርንጫፍ ይይዛል፤ አዲስ የተወለደው ግልገል ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ምግባቸው ቅጠል ሲሆን ሆዳቸውም ቅጠል ለማብላላት የተከፋፈለ ስለሆነ፣ እንግዶች ዳቦና ብስኩት ሲወረውሩላቸው ማየት ከብዶኛል።

ለጉማሬዎቹ ጀልባ የተከራየሁት በሚቀጥለው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ማልዶ መውጣት ይሻላል። ጀልባ ነጂው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ብቻዬን ስለሆንሁ የሙሉ ጀልባ ሒሳብ መክፈሌ ሳያሳዝናቸው አልቀረም። ወደ ጥቁር ውኃ መግቢያ ስንጠጋ «ጋሼ፣ ሞተሩን ከሩቅ ቢያጠፉልኝ» አልኋቸው። «እኔም እንደሱ ነው የማደርገው ልጄ» ብለው አጠፉና መቅዘፊያ አነሡ።

ከደንገሉ ጠርዝ አጠገብ ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይታይ ነበር። ጉማሬ ቆዳው ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ አንዳንዴም ከሐይቁ አጠገብ ያለ የገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል። ትንፋሹን ይዞ አምስት ደቂቃ ያህል ከውኃ በታች ሊቆይ ይችላል። እኔ ካሜራዬን ሳስተካክል ሽማግሌው መቅዘፋቸውን አቆሙ። «አሁን አራት ራስ ነው የሚታየኝ፤ ቅድም አምስት ነበር። አምስተኛው እስኪወጣ አንንቀሳቀስም» አሉ። ጠበቅን። አምስተኛው እኛ ካሰብነው በስተግራ፣ ደኅና ርቀት ላይ፣ በአፍንጫው ውኃ እየረጨ ወጣ፤ ያን ጊዜ ጀልባዋን አዞሩ። ጎብኚን ለማስደሰት ብለው ከዚህ በላይ የሚጠጉ ጀልባዎች አሉ፤ እኔ ግን የሚቆጥር ጀልባ ነጂ መምረጥ ይገባል እላለሁ።

ስንመለስ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ቦታ አሳዩኝ። ውኃው ለብቻው ቡናማ ሆኖ፣ ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከተማው በሰፋ ቁጥር ስለ ሐይቁ ንጽሕና ብዙ ሰው የሚያነሣው በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፤ ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ነው የተገነባው። ሽማግሌው ግን የሚፈሩት አፈሩን ነው። «ጨለለቃ ሐይቅ ነበር ልጄ። አፈር ሞላው» አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ጨለለቃን ሳላይ መመለስ አልፈለግሁም። በባጃጅ እስከ ረግረጉ ዳር ሄጄ የቀረውን በእግሬ ገባሁ። ውኃው የነበረበት ቦታ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ከብቶች ተሰማርተዋል፤ በእግሮቻቸው መካከል ሳቢሳዎች የሚነሡትን ነፍሳት እየለቀሙ ይከተላሉ። አፈሩን በእጄ ሳነሣው ጥሩ የኮረብታ እርሻ አፈር ነበር፤ ዝናብ ከላይ ካሉት ማሳዎች ጠርጎ ያመጣው። ረግረጉ የሚመጣውን ደለል ያዝ ስለሚያደርግ ሐይቁ እስካሁን የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ይህ ማጣሪያ ራሱ ሲሞላና ሲታረስ ግን የሚቀጥለው መውረጃ ሐይቁ ነው። ላይኛው ኮረብታ ላይ እርከን የሠራ ገበሬ፣ ሳያውቀው፣ አሞራ ገደል ላይ መረብ ለሚጥለው አስጋሪ እየሠራለት ነው። ከዚያ ወንዙን ተከትዬ እስከ ዋናው መንገድ ወጣሁ፤ የሻሸመኔ ሚኒባሶች ድልድዩ ጋ ስለሚቆሙ ወደ ከተማው መመለስ ሳያስፈልገኝ ከዚያው ተሳፈርሁ።