ደመናው ሲቀል

ሦስት ሳምንት የፈነጠዝኩበትን ውጤት ዛሬ ውሃ በላው።

የምሠራው በኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ላይ ነው። በኦፕሬሽንና በኬሞ ጠፋ ከተባለ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣ ክፉ በሽታ ነው። ከኬሞው የሚያመልጡ ጥቂት ሕዋሳት ሳይኖሩ አይቀርም ይባላል። እንደ ግንድ ሕዋስ ራሳቸውን ይተካሉ፤ ዕጢውንም እንደገና ያበቅላሉ። ጣጣው እነሱን ለይቶ ማውጣት ነው። በማይክሮስኮፕ ቢታዩ ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም። ስለዚህ ላያቸው ላይ ያሉትን ፕሮቲኖች እንፈልጋለን፤ ሲዲ44፣ ሲዲ117፣ ሲዲ133። የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ እንጨምራለን፤ የሚፈልገውን ፕሮቲን ካገኘ ይለጠፍበታል። ከዚያ ፍሎው ሳይቶሜትሩ ሕዋሳቱን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያሳልፋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል።

እኔ ስክሪን ላይ በቀኝ በኩል ጥቅጥቅ ያለ የነጥብ ደመና ታየ። ሲዲ44 በሽ በሽ! በስልኬ ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ።

ዛሬ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግራፉን አየት አደረገችና፣ «ሲዲ45ን አውጥተሃል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ናሙናው ከታማሚ ሆድ ውስጥ ከተጠራቀመ ውሃ የተቀዳ ነው። እዚያ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ብቻ አይደለም ያለው፤ ነጭ የደም ሕዋስም ሞልቷል። ሲዲ44 ደግሞ እነሱም ላይ አለ። የነጭ የደም ሕዋሳት መታወቂያ ሲዲ45 ስለሆነ፣ መጀመሪያ በሱ አጣርቶ ማስወጣት የሥራው ሀሁ ነው። እኔ ሀሁውን ዘልዬ ነው የጨፈርኩት።

የተረፈውን ናሙና ከፍሪዘር አውጥተን ደገምነው። ሲዲ45 ያለባቸው ሲወጡ ደመናው ሳሳ። የሞቱትን ስናስወጣ ደግሞ ባሰበት፤ የሞተ ሕዋስ ላይ ያገኘው አንቲቦዲ ሁሉ ይለጠፋልና። ጥግ ላይ የተበታተኑ ጥቂት ነጥቦች ቀሩ።

እነዚያስ ቢሆኑ? በ2008 በወጣ ጥናት ሲዲ44 እና ሲዲ117 አብረው የያዙ 100 ሕዋሳት አይጥ ላይ ዕጢ ማብቀል ችለዋል። በ2011 ሲዲ133 እና ኤኤልዲኤች የያዙ 11 ሕዋሳት በቂ ሆነው ተገኙ። (ኤኤልዲኤች በነገራችን ላይ የውስጥ ኤንዛይም እንጂ ላይ ላይ የሚታይ አይደለም።) ሲዲ133 ግን ከታማሚ ታማሚ ይለያያል፤ አንዷ ጋ ሞልቶ ሌላዋ ጋ እምብዛም አይገኝም። ዕጢውን ለመበተን የምንጠቀምበት ኤንዛይም ራሱ አንዳንዱን ፕሮቲን ይላጨዋል። እንግዲህ ምልክቱ ስለጠፋ ሕዋሱ የለም ማለት አልችልም። ምልክቱ ስላለም «ይኸው እሱ ነው» ማለት አልችልም። እስከ ዛሬ ቀለሙን ሳይ ሕዋሱን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ጥያቄ ያበቅላል ወይስ አያበቅልም የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ቀለም አይመልስልኝም።

ማታ ላይ የቀሩትን ለይተን፣ ሕዋስ በማይጣበቅበት ሳህን ላይ፣ ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) በሌለው ምግብ ውስጥ፣ በሳህኑ ትንንሽ ጉድጓዶች አንድ በአንድ አስቀመጥናቸው። ከመካከላቸው እውነተኛ ካለ ብቻውን ተባዝቶ ትንሽ ኳስ ይሠራል። ኳስ ቢሠራም የአይጡ ፈተና ይቀረዋል።

ሳህኑን ኢንኩቤተር ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ሁለት ጉድጓድ በማይክሮስኮፕ አየሁ። አንዱ ባዶ ነው። ሌላው ውስጥ አንዲት ክብ ነገር ጠርዙን ተጠግታ ቁጭ ብላለች።