ቤዝመንት ከማሠራታችን በፊት ለኢንሹራንስ ደወልኩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን ቤዝመንት ለማሠራት ስንነሳ ሐሳቤ ሁሉ ወለሉና ሻወሩ ላይ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው፣ የራሷ ክፍል እንዲኖራት ፈልገናል።

ሰው የጠቆመን ኮንትራክተር የአገር ልጅ ነው፣ ዋጋውም ደህና። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ከክፍለ ግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን ኦንላይን አየሁት፣ አለው። "ኢንሹራንስስ?" ስለው "አለኝ ወንድሜ፣ አታስብ" አለኝ። እኔም ልተወው ነበር። ባለቤቴ ናት "መጀመሪያ ለራሳችን ኢንሹራንስ ደውል" ያለችኝ።

ደወልኩ፤ ሃያ ደቂቃ አወራን። ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ ቤቱን ቢያጥለቀልቀው ኢንሹራንሳችን ይሸፍናል፣ በደንብ ያልተሠራ ሥራን ለማስተካከል ግን ምንም አይከፍልም። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር! ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ እንቆያለን ብለን ከ60 ቀን በላይ ቤቱን ባዶ ብንተወው ደግሞ አንዳንድ ሽፋኖች ይቀራሉ (ይሄ እንደየውሉ ስለሚለያይ የራሳችሁን አንብቡ)። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የሠራተኞቹ ነገር ነው፤ አንዱ ወድቆ ቢጎዳና አሠሪው ወርከርስ ኮምፕ (ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፍል ኢንሹራንስ) ከሌለው ጣጣው ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል።

ስልኩን ያነሳችው የኢንሹራንሳችን ወኪል አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፦ ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያሳየውን ሰርተፍኬት ከኮንትራክተሩ እጅ አትቀበል፣ የእሱ የኢንሹራንስ ወኪል በቀጥታ ይላክልህ። ይህን ስጠይቀው ቅር አለው። እኔም አፈርኩ፣ ያላመንኩት መሰለኛ። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ላያቢሊቲው (በሥራው ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ) ካለፈበት ሁለት ወር ሆኖታል። እሱ ራሱ አላወቀም ነበር፣ ክፍያ አምልጦት ነው። አልተጣላንም፤ አሳድሶ አዲሱን እስኪያስልክ ሁለት ሳምንት ጠበቅነው።

ከዚያ ውል ተፈራረምን። ቅድሚያ ክፍያ ሲሶውን ብቻ ሰጠሁት፣ በሜሪላንድ ሕግ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይችልም። ፐርሚቱን (የግንባታ ፈቃዱን) እሱ አወጣ። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ግድግዳውንና ቧንቧውን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ።

ሥራው እንዳለቀ መልሼ ደወልኩ፣ ምክንያቱም ቤቱ አሁን ቢቃጠል መልሶ መሥሪያው ከድሮው ይበልጣል። የሽፋኑን መጠን አሳደግነው፣ የወር ክፍያው ትንሽ ጨመረ። የቤዝመንቱ ድሬን (የፍሳሽ መውረጃው) ቆሻሻ ውሃ ወደ ኋላ ቢመልስ የሚሸፍነውን ተጨማሪ ውልም ያኔ ገዛሁ፤ ለካ በመደበኛው ውስጥ የለም። እናቴ የደረሰችው በሳምንቱ ነው።