ከወረቀት ስሌት ወደ ዲቴክተር

ፊዚክስ ስጀምር ቲዎሪስት የመሆን ሐሳብ ነበረኝ። ልቤን የቀየረው የሲሊከን ሰንሰር ነው። ቻርጅ ያለው ቅንጣት ሲያልፍበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣል። ከዚያች ምልክት ተነስቶ ቅንጣቱ የት ጋ እንዳለፈ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ስህተት ማወቅ ይቻላል። ይህን ካየሁ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ብቻ አልበቃኝም።

ዶክትሬቴን የሠራሁት በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን፣ ፕሮቶኖችን በሚያጋጨው ማሽን፣ በላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ላይ ነው። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር፣ ከመሬት በታች ጥልቀቱ በአማካይ 100 ሜትር ገደማ ነው። የፕሮቶን ጥቅሎች በየ25 ናኖሰከንዱ ይገናኛሉ። ያን ሁሉ ግጭት መዝግቦ ማስቀመጥ ስለማይቻል ትሪገር የሚባለው ሥርዓት በቅጽበት ይመርጣል። በሰከንድ ከሚሊዮኖች ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ትሪገር ሙዮኖችን (ኤሌክትሮንን የሚመስሉ ግን ከባድ ቅንጣቶችን) በትክክል መያዙን መፈተሽ ነበር። ስም የሚያስጠራ ሥራ አይደለም። ብዙ ተማሪ ቶሎ ገላግሎት ወደ «ትልቁ» ትንተና መሄድ ይፈልጋል። እኔ ግን ፊዚክስ የተማርኩት እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። መረጃው ውስጥ ያልተለመደ ነገር ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ የተፈጥሮ ነው ወይስ የመሣሪያው?» የሚል ነው። መልሱን የሚሰጠው መሣሪያውን ያገላበጠ ሰው ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከዲቴክተሩ፣ ማለትም ግጭቱን ከሚመዘግበው መሣሪያ፣ አንድ ክፍል ያዙና ጠንቅቃችሁ እወቁት።

ጥርጣሬን መልመድም የግድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮላይደሩ ላይ የሚሠሩት ሁለት ትልልቅ የሙከራ ቡድኖች፣ አትላስና ሲኤምኤስ፣ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በሚታይባቸው ግጭቶች፣ 750 ጂኢቪ (የቅንጣት ክብደት መለኪያ) አካባቢ አዲስ ቅንጣት የሚመስል ጉብታ በግራፉ ላይ አዩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የቲዎሪ ጽሑፎች ጎረፉ። በ2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። ሁለቱ ቡድኖች ግን አንዴም «አገኘን» አላሉም ነበር። እንዲህ ለማለት አምስት ሲግማ ያስፈልጋል፤ አዲስ ቅንጣት ባይኖር ኖሮ ምልክቱ በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ሲሆን ማለት ነው። በጁላይ 4 ቀን 2012 ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት ይፋ የሆነው እዚያ ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው። ውጤቱ ይታይበታል የምንለውን የመረጃ ክፍል ሸፍነን የምንሠራውም በምኞታችን እንዳንታለል ነው። ዘዴው ተፈትሾ እስኪጸድቅ ማንም አይከፍተውም። ያ ትዕግሥት በጣም ያኮራኛል።

ከዶክትሬት በኋላ ያለው ኑሮ ከባድ ነው። ፖስትዶክ ማለት አጭር ኮንትራትና ከአገር አገር መዞር ነው። ጽሑፎቻችን ሺዎች ይፈርሙባቸዋል፣ ስም የሚደረደረውም በፊደል ተራ ነው። ሰው የሚያውቅህ በየሳምንቱ ስብሰባ በምታቀርበው፣ በሌሊት ፈረቃ ችግር ሲፈጠር በምታደርገውና ሌላው በሚጠቀምበት ኮድህ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን የሚባሉት የኮድ መጻፊያ ቋንቋዎች አብረው የሚመጡ ናቸው፤ ስታቲስቲክስን ግን ቀድሞ መማር ይሻላል። ይህን ይዘው ወደ ሌላ ሙያ የሄዱ ባልደረቦች አሉኝ፣ እንደ ሽንፈት አላየውም። እኔ እዚሁ ነኝ፤ አሁን ለኮላይደሩ ማሻሻያ የሚገቡ አዳዲስ ሰንሰሮችን ከተማሪዎቼ ጋር እየፈተሽኩ ነው።