ቲቸር፣ ልጄን ለለቀማ ነው እንዴ የላክሁት?

ባለፈው ጥቅምት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የጅማ ዝናብ ሊወርድ ሰማዩ ጠቁሯል። እናትየው የልጇን ሱሪ ጉልበት ታሳየኛለች። ቀይ አፈር ጠጥቷል፤ የቡና ጭማቂም ደርቆበታል። "ቲቸር" አለችኝ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ልጄን ለለቀማ ነው እንዴ የላክሁት? እኔ እኮ ከእርሻ ይውጣልኝ ብዬ ነው ደብተር የገዛሁለት።"

የምመልሰው አጣሁ። 11 ዓመት የልዩ ፍላጎት ክፍል ሳስተምር ብዙ ወቀሳ ሰምቻለሁ። ይሄኛው ግን እውነት አለው። ጅማ ዙሪያ ቡና ሳይለቅም ያደገ ሰው ከስንት አንድ ነው። እኔም ለቅሜያለሁ። የተማርነውም ከዚያ ለመውጣት ነበር። አሁን ቀለም የከበዳቸውን ልጆች ሰብስቤ መልሼ እዚያው ስወስዳቸው፣ "ለእናንተ የሚሆነው ይሄ ነው" ያልኩ እመስላለሁ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ክፍሌ ውስጥ 9 ልጆች አሉ፤ ከ14 እስከ 19 ዓመት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አሉ፣ ኦቲዝም ያለባቸው አሉ፣ አንዷ ዳውን ሲንድረም አለባት። ፊደል ላይ ዓመታት ቆጥረናል። ሰኔ ላይ "ለ"ን የለየ ልጅ መስከረም ላይ እንደ አዲስ ያያታል። አጎቴ ደግሞ በሰቃ መንገድ ሄክታር የማትሞላ የቡና ማሳ አላቸው። ሐሙስ ሐሙስ ላምጣቸው ብዬ ለመንኳቸው። "ቡናዬን እንዳይሰብሩብኝ እንጂ" አሉ። እሳቸው በአንድ ቀን የፈቀዱትን፣ አንድ ቢሮ ለመፍቀድ ሦስት ወር አመላለሰኝ። ደብዳቤ አምጪ። ደብዳቤው ቁጥር የለውም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ይሄን እንለፈው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ቻርት ይዤ ሄድኩ። አዎ፣ እርሻ ላይ ቻርት! የቡናን ተክል በቀለም ስዬ፣ ዋንዛ ግንድ ላይ ሰቅዬ፣ "ልጆች፣ ይህ ሥር ይባላል" እላለሁ። ሥሩ እግራቸው ስር ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ እንሰት ውስጥ ገብተው ጠፉ። አንዷ ጥሬ ቡና አፏ ሞልታ ትተፋለች። ረጅሙ ልጅ የጉንዳን መንገድ ላይ ቆሞ ኖሮ ጩኸቱን ለቀቀው። ሱሪውን አስወልቀን ጉንዳን ስንለቅም ረፈደ። አጎቴ በራቸው ላይ ቆመው "ትምህርቱ ይሄ ነው?" አሉኝ።

በሁለተኛው ሐሙስ ቻርቱን ቤት ተውኩት። ወሬዬንም አብሬ።

ለችግኝ ፕላስቲክ አፈር ልንሞላ ነው። ሦስት ጣሳ የጫካ አፈር፣ አንድ ጣሳ ብስባሽ። ዝም ብዬ አንዱን ሞላሁ። ሁለተኛውን ስጀምር ረጅሙ ልጅ ጣሳውን ከእጄ ወሰደው። (የዚያች እናት ልጅ ነው። ከዋንዛው ስር ካልሆነ አይቀመጥም፤ ስሙን መጻፍ ስለማይገባኝ እዚህ ዋንዛ እለዋለሁ።) ፕላስቲኩን ይሞላና መሬት ላይ ቸብ ቸብ ያደርገዋል። አፈሩ ዝቅ ይላል። ይጨምርበታል፣ ደግሞ ቸብ ያደርገዋል። ላላ ብሎ የተሞላ ፕላስቲክ ወገቡ ታጥፎ ይወድቃል። ጠበቅ ብሎ የተሞላው ቀጥ ብሎ ይቆማል። "ተሳስተሃል" የሚል ሰው እዚህ ሥራ የለውም። ክፍል ውስጥ ቀይ እስክሪብቶዬን ሲያይ ሁለት ጆሮውን የሚይዝ ልጅ፣ የወደቀበትን አንስቶ፣ ዘርግፎ፣ እንደገና ይሞላል። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። በዚያ ቀን 23 ሞላ። 23 መሆኑን የማውቀው ራሱ ስለቆጠረው ነው። በእኔ ፈተና 10 ላይ ነበር የሚያቆመው።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ የእሱ ሆነ። የአጎቴ ቡና ደግሞ ስሙ ራሱ ቁጥር ነው፤ 74110። በፈረንጆች 1971 ፍሬውን የሚያጠቁረው በሽታ አገራችን ገብቶ ብዙ ገበሬ ባዶ እጁን ሲቀር፣ እዚሁ አጠገባችን መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች በሽታውን የሚችሉ ዛፎችን እየመረጡ አወጡ። 74 የሚለው 1974ን ነው፣ ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት። አጎቴ ይሄን አጫወቱት። ምን ያህሉ እንደገባው እንጃ። ግን ለሁለት ሳምንት ሰላም ስትሉት መልሱ "ሰባ አራት መቶ አስር" ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አሁንም በዚያ ነው የሚጠራው።

ተአምር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ሁለት ልጆች እርሻውን ጠልተውታል። አንደኛው እርጥብ ሣር ሲነካው መላ አካሉ ይንዘፈዘፋል። ሐሙስ ሐሙስ ከረዳቴ ጋር ክፍል ይቀራል፣ እኔም አላስገድደውም። ጥሬውን ቡና የምትቀጥፈው ልጅ ዛሬም ጥሬውን ነው የምትቀጥፈው። ቀይ ጨርቅ እጇ ላይ አስሬ "ይሄን የሚመስል" አልኳት፣ ጨርቁን ፈትታ ለሌላ ልጅ ሰጠች። ማስጫው አልጋ ላይ ግን ከእሷ የሚበልጥ የለም። ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በመዳፏ ታገላብጣለች፣ አንዱን ታነሳና ጆሮዋ ላይ ትወዘውዘዋለች። የደረቀ ከሆነ ውስጡ ይንኳኳል። ካልተንኳኳ ትመልሰዋለች። አጎቴም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት፣ ከእሳቸው አይታ ይሆናል። ሁለቱ ትይዩ ቆመው ፍሬ ሲወዘውዙ ሳያቸው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኛል።

ወደ እናትየው ልመለስ። መጀመሪያ የሰጠኋት መልስ የአስተማሪ መልስ ነበር። እዚሁ ጅማ ሰው እርሻ ተምሮ ዲግሪ ይጭናል፣ የእርሻ ኮሌጁ በፈረንጆች 1952 ነው የተከፈተው፣ ልጄ እዚያ ገባ ብሎ ያፈረ ወላጅ አላየሁም፣ አልኳት። ሳቀች። ግን አልተዋጠላትም። "እዚያ የገባው ደመወዝ ይበላል፤ የእኔው ልጅስ?" አለች።

ማታ አልጋዬ ላይ ነው የገባኝ። ልጆቹ በሁለት ሐሙስ 31 ኪሎ እሸት ለቅመዋል። የት ገባ? አጎቴ ጆንያ ውስጥ። እኔ ትምህርት እለዋለሁ፣ ሚዛኑ ግን ለቀማ ነው የሚለው። እሷ ያየችው ይህንን ነው።

ኔዘርላንድ ውስጥ እንደ ተማሪዎቼ ያሉ ሰዎችን የሚቀበሉ ከ1000 በላይ እርሻዎች አሉ። እዚያ ገበሬው ለሚሰጠው ጊዜ ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈለዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሮት ቢነቅልም ገበሬው አይጎዳም። እኛ ጋ ለአጎቴ የሚከፍል የለም። የሚኒባሱም ከእኔ ኪስ ነው። ታዲያ በልጆቹ ጉልበት ይካካስ ማለት ይቀላል። እኔም ሳላስበው ያንኑ ማድረግ ጀምሬ ነበር።

እሁድ ቡና ላይ አጎቴን ያዝኳቸው። አቦሉ ላይ ተቆጡ። "አንቺ ልጅ፣ እሸቱ 31 ኪሎ ቢሆን ተፈልፍሎ ስንት ሊወጣው ነው? አምስት ኪሎ፣ ቢበዛ ስድስት! የሰበሩብኝን ቅርንጫፍስ ማን ይከፍለኛል?" እውነታቸውን ነው፣ ሰብረዋል። ቶናው ላይ ዝም አሉ። በረካው ሳይቀዳ ተስማማን። ለቀማ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። የለቀሙት ይመዘናል፣ ለሌላ ለቃሚ በሚከፈለው ሒሳብ ለልጆቹ በእጃቸው ይሰጣል። የሞሏቸው ችግኞች ደግሞ የእነሱ ናቸው፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና እንሸጣቸዋለን። የተሰበረው ቅርንጫፍ በእኔ።

ሕዳር ላይ ከፈልን። ዋንዛ ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠረ። አገሩ ልማድ አለው፣ የመጀመሪያ ደመወዝ ለእናት ተሰጥቶ ይመረቃል። እናትየውም ያንን ጠብቃ በሩ ላይ ቆማለች። እሱ አልፏት ሄዶ ከሱቁ ሚሪንዳ ገዛና እዚያው ቆሞ ጨረሰው። መልሱን ኪሱ ከተተ።

"አየሽልኝ? አንድ ጉንጭ እንኳ!" አለችኝ። ተናዳ ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ። "ሱሪውን የማጥበው ግን አሁንም እኔ ነኝ።"

በሚቀጥለው ሐሙስ በፌስታል ሌላ ሱሪ አስይዛ ላከችው። የአባቱ መሰለኝ። ወገቡ ሰፍቶት በገመድ አሰርንለት።