ነጭ ጽሑፍ በነጭ ላይ

ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ አካባቢ የአውሮፕላን ቲኬት ለሚሸጡ አንድ ጋሼ ዌብሳይት ሠራሁላቸው። ሥራው አልቆ ሒሳቤን ልቀበል ስል ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉኝና፣ «የዚያ ማዶ ቢሮ ስም ጉግል ላይ ሲፈለግ እኛም ብቅ እንበል እንጂ፤ ሰው እንዳያየው አድርገህ ከሥር ክተተው» አሉኝ።

ከተትኩት። መጀመሪያ ሜታ ታግ ውስጥ፣ ማለትም ጎብኚ የማያየው፣ ስለ ገጹ ለጉግል የሚናገር የኮድ መስመር ውስጥ፣ ከቁልፍ ቃላቱ ጋር። አልበቃኝም፣ ከገጹ ግርጌ ነጭ ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ አርባ ጊዜ ያህል ደረደርኩት። ፊደል የሚሳሳት ሰው እንኳ እንዳያመልጠን ብዬ በተሳሳተ አጻጻፍም ጨመርኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ!

ሦስት ወር አልሞላም፣ የጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤው ጋር የራሳችን ገጽ ፎቶ ተያይዟል። የሆነ ሰው ገጹን በማውስ ከላይ እስከ ታች ሲጎትተው ያ ነጭ ጽሑፍ ሰማያዊ ላይ ወጥቶ እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። ጋሼ፣ «አይታይም አላልከኝም?» አሉ። ብዬ ነበር።

ተያይዘን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ሴትዮዋ በካሊፎርኒያ የሚሠራ አንድ የ1999 (በፈረንጆቹ) ፍርድ ነገረችን፤ ብሩክፊልድ የተባለ ድርጅት ዌስት ኮስት የተባለ ሌላ ድርጅትን የከሰሰበት። ዳኞቹ የሌላውን የንግድ ምልክት ሜታ ታግ ውስጥ መክተትን ያመሳሰሉት ከአውራ ጎዳና ማስታወቂያ ጋር ነው። የተፎካካሪህን ስም ጽፈህ «ኤግዚት 7 (መውጫ 7) ላይ ነው» ትላለህ፤ እሱ ያለው ግን 8 ላይ ነው፣ 7 ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ሹፌሩ ሱቁ ሌላ መሆኑን ቢያውቅም አንዴ ወጥቷል፣ ማን ይመለሳል፣ እዚያው ይገዛል። ጋሼ ከእኔ ቀድመው ገባቸው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል።

እሳቸው ግን በቀላሉ አይለቁም። ስም መጥቀስ ጭራሽ ክልክል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም፤ ፕሌይቦይ መጽሔት የቀድሞ ሞዴሉን ቴሪ ዌልስን ስሜን ሜታ ታግ ውስጥ ከተተች ብሎ ከሶ በ2002 ፍርድ ቤቱ ሜታ ታጓን ፈቅዶላታል፣ ምክንያቱም በዚያ ስም ስለ ራሷ እውነቱን ነው የተናገረችው። «እርስዎ ግን እዚያ ቢሮ ሠርተው ያውቃሉ?» አለቻቸው። ዝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተሳሳተው አጻጻፍ ነው አለች፤ በአጋጣሚ ነው ማለት አይቻልማ። እዚያ ላይ አንገቴን ደፋሁ፣ የእኔ ፈጠራ ነበር።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ጉግል ያንን የቁልፍ ቃላት ታግ ለፍለጋ ውጤት ደረጃ እንደማይጠቀምበት በፈረንጆቹ መስከረም 2009 በይፋ ተናግሯል። የተደበቀ ጽሑፍማ ጭራሽ ያስቀጣል። በዚያ ስም ፈልጎ የመጣ ሰው ካለ ብዬ ቁጥሩን አየሁ፣ አንድም የለም። ለከሳሽ ማስረጃ ጽፈን ነው ያስቀመጥነው።

በዚያው ቀን አጠፋሁት። የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈ፣ የእነሱም የጠበቃ ወጪ ተከፈለ፣ የእኔም ሒሳብ አብሮ ሄደ። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ዞር ብለው፣ «ታዲያ ስማቸውን ጉግል ማስታወቂያ ላይ በገንዘብ ብንገዛውስ?» አሏት።

«እሱ ለብቻው የሚታይ ነው» አለች። «ሒሳቡም ለብቻው።»