የተከፈለህ ለቡፌው ነው

ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል አሮጌ ፒያኖውን የብርጭቆና የጠርሙስ ቡፌ እንዳደርግለት ሰጠኝ። ፒያኖው ከመጫወት አልፏል። ክሮቹን የሚመቱትን መዶሻዎች ሱፍ ብል በልቶታል፤ የክር ማጥበቂያ ችንካሮቹ የተሰኩበት እንጨትም ተሰንጥቆ ቅኝት አይዝም። ሳጥኑ ግን ጤነኛ ነበር። ሁሉም ነገር ቺፑድ በሆነበት ዘመን እንዲህ ያለ የደረቀ እንጨት እጁ የገባለት አናጺ ደስታውን አይደብቅም።

ክሮቹን ማላላት ስንጀምር ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ከበላያችን ቆመ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እያላላን ነው፣ ጋሼ።»

«ግራይንደር የላችሁም? ቁረጡትና ጨርሱ! የተከፈለህ ለቡፌው ነው እንጂ ለሽቦው አይደለም።»

ፒያኖ ከ200 በላይ ክር አለው። አንዷ ብቻ 70 ኪሎ ገደማ ትስባለች፤ ሲደመር ከ150 ኩንታል የማያንስ ጉልበት ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመው ደግሞ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም በድንገት ሲመታ ይሰበራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ችንካር ጥቂት ጥቂት እያላሉ፣ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ ነው ውጥረቱን የሚያወርዱት። የተቆረጠ ክር ደግሞ ተወርውሮ ዓይን ያጠፋል። የረዳቴ ፊት ከክሮቹ ስንዝር አይርቅም ነበር።

«ጋሼ፣ የዚህ ልጅ ዓይን ቢጠፋ ማን ይተካለታል?» አልሁት።

«ሰበብ አታብዛ» ብሎኝ ሄደ።

ሰበብ! ያቺ ቃል ዛሬም ታንገበግበኛለች። ሌላው ቢቀር የሰው ልጅ ዓይን ነበር የተነሣው። ከዚያም በላይ አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ለቅኝት በሰጡበት አገር፣ የዜማ መሣሪያ እንደ ማገዶ ሲቆጠር ማየት ያማል። ልጁ ቀና ብሎ «አብሽር፣ ጋሼ» አለኝና መፍቻውን ተቀበለኝ። ግራይንደሩ ከዕቃ ሣጥናችን አልወጣም። በጣት የሚጫኑትን የፒያኖውን ቁልፎችም መጋዝ አላስነካናቸውም፤ ሆዳቸው ውስጥ የእርሳስ ብረት የተቀበረባቸው አሉ፣ ብናኙ መርዝ ነው።

ቡፌው አምሮ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ለእንግዶቹ እያሳየ «እያንዳንዱ ክር በእጅ ተላልቶ ነው የተፈታው» ይላል አሉ። ለማላላቱ የጠየቅሁትን ሒሳብ ግን እስካሁን አልከፈለኝም።